የኦቦ ነገሳ መፋቂያ

እኔ ረምዚያ፣ ሰበታ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ብርድ ልብስና ጨርቅ የሸጥኩ ሴት፣ አንድ ሽማግሌ በጥርሴ ምክንያት ከበረንዳዬ አባርሬአለሁ። ነገሩን ሰው እየተቀባበለ ሌላ ሌላ ነገር ጨምሮበታል። ፖለቲካ ነው ያለም አለ፣ ገንዘብ ነው ያለም አለ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ላይቀር፣ እንደሆነው ይወራ ብዬ ነው አሁን የምናገረው።

ሱቄ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ወደ ጅማ የሚወርደው መኪና ሁሉ በፊቴ ያልፋል። ከበሩ በስተግራ፣ በረንዳው ላይ ያለችው ጥግ የኦቦ ነገሳ ቦታ ነበረች። ከመናገሻ በኩል የወይራ መፋቂያ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ የመጡ ቀን ዝናብ ይዟቸው፣ «ትንሽ ልጠለል» አሉኝ። ያቺ ትንሽ አሥራ አራት ዓመት ሆነች።

ሥራቸው ቀላል ነው። እንጨቱን ከጉልበታቸው ላይ ያስደግፉና በትንሽዬ ቢላ ጫፉን ይልጡታል፣ ክር ክር እያለ። ልጣጩን እግራቸው ሥር ያከማቹና ማታ ጠርገው ይሄዳሉ። ገዢው የተላጠውን ጫፍ እያኘከ ብሩሽ ያደርገዋል። ለእኔ ግን ከእስሩ ውስጥ አይሰጡኝም፤ ቀጭኑንና ለጋውን ለብቻ መርጠው ነው የሚያመጡልኝ። ለሶላት ስገባ ሱቁን ይጠብቃሉ። እሳቸው የሆነ ቦታ ሲሄዱ ደግሞ እኔ መፋቂያቸውን እሸጣለሁ። አንቱ እላቸዋለሁ፣ «ያ ረምዚያ» ይሉኛል። በኦሮምኛ ጀምረን በአማርኛ እንጨርሳለን፤ አንዳንዴም ተገላቢጦሽ።

ስለ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። ቶሎ ነው የምግለው። ባለቤቴ ሸምሰዲን፣ «ረምዚያ ግማሹን ሰምታ ሙሉውን ትመልሳለች» ይላል። ሲለኝ እናደድበት ነበር። አሁን አልናደድም።

በ2008 ኅዳር ላይ ነው የተጀመረው። ማስተር ፕላን የሚለው ቃል በሰው ሁሉ አፍ ገባ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታንም ቡራዩንም ሱሉልታንም ልትጠቀልል ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተባለ። ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጥይት ተተኮሰ። ሱቅ ዝጉ ሲባል እንዘጋለን፣ ክፈቱ ሲባል እንከፍታለን። ኦቦ ነገሳ ማሳቸው ላይ ሰዎች መጥተው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተክለው መሄዳቸውን ነገሩኝ። ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ወይራዎቹ ከችካሉ ወዲያ ማዶ ቀርተዋል።

ሸምሰዲን መርካቶ ወንድሙ ዘንድ ነው የሚነግደው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመጣል። «ረምዚያ፣ ሱቁን እንሽጠውና እንውጣ» አለኝ፣ አንዴ ሳይሆን አሥር ጊዜ።

«ማንን ፈርቼ?» አልኩት። «እኔ የማንን መሬት ወሰድኩ? ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ነኝ።»

ለሁሉም እንደዚያ ነበር የምለው። ጩኸት ሲሰማ ሌላው መዝጊያውን ሲያወርድ እኔ እጄን አጣምሬ በሬ ላይ እቆማለሁ። አጠገቤ ልብስ የሚሰፋው ጌዲ፣ ከሆሳዕና የመጣ ጭምት ሰው ነው፣ «እትዬ ረምዚያ፣ ይግቡ እንጂ» ይለኛል። «አንተ ግባ፣ እኔ አልፈራም» እለዋለሁ። ወላሂ፣ እውነቴን የምናገር ይመስለኝ ነበር።

የካቲት ላይ ጥርሴ ጀመረኝ። በስተቀኝ፣ ላይኛው፣ ከክራንቻዬ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ እስከ ዓይኔ ድረስ ይጠዘጥዘኛል። ምላሴን ሳስኬድበት ድዱ ጋ ጎድጎድ ያለ ነገር አገኘሁ። በመስታወት ሳየው አልጠቆረም፣ አልተቦረቦረም። ግንድ ሊጣል ሲል መጀመሪያ በመጥረቢያ የሚፈለጥበት ቦታ አለ አይደል፣ ልክ እንደዚያ ነው።

ከእኛ ሦስት ሕንፃ ከፍ ብሎ የጥርስ ክሊኒክ አለ። ሐኪሟ ዶክተር ሚርያም ትባላለች፤ ወላይታ ነው ያደገችው፣ ልጅ ናት፣ ስትናገር አትቸኩልም። አፌን ከፍታ አየር ነፋችበትና ከወንበሩ ልነሳ ደረስኩ።

«ጥርስዎ አልተበላም» አለች። «ትል የሚሉት ዓይነት አይደለም። ድዱ ጋ እየተሸረፈ አልቆ ነው። በምንድን ነው የሚያጸዱት?»

«በመፋቂያ። ለየሶላቱ።»

«አጥብቀው ነው የሚፍቁት?»

«እኔ የማላጠብቀው ነገር አለ?» አልኳት።

ሳቀች። «እንግዲያው አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው ያቁሙት። ሐሙስ ይመለሱና ደግሞ አነካከስዎን...»

እኔ «ያቁሙት» የሚለው ላይ ነጠላዬን አንስቻለሁ። ሐሙስም አልኩ፣ እሺም አልኩ፣ የቀረውን ግን አልሰማሁም። ደረጃውን ስወርድ በውስጤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት በረንዳዬን የሰጠሁት ሰው ጥርሴን ሲፍቅልኝ ኖረ።

ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር። ሁለት ሴቶች ብርድ ልብስ ያማርጣሉ፣ በሩ ላይ ወጣቶች ቆመዋል። ኦቦ ነገሳ እንደ ልማዳቸው ይልጣሉ። ቀና ብለው፣ «ሐኪሟ ምን አለችሽ፣ ያ ረምዚያ?» አሉኝ። ተጨንቀው ነው የጠየቁኝ። አሁን ሳስበው ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

«እንጨትዎ ነው» አልኩ። ድምፄ መንገድ ማዶ ይሰማል። «መሬታችሁን የወሰደው ሌላ፣ የምትፋቀው እኔ። ንዴታችሁን ከእኔ ላይ አንሱ። ያንን እንጨት ይዘው ይነሱልኝ።»

የጌዲ መኪና ስፌቱን አቆመ። ሴቶቹ የያዙትን ብርድ ልብስ መልሰው አስቀመጡ። ኦቦ ነገሳ ቢላቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ መፋቂያውን አንድ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከተቱ፣ ልጣጩን በእጃቸው ሰብስበው ያንንም ከተቱ። ከዚያ «ነጋን ቱሪ» አሉኝ። በሰላም ቆዪ ማለት ነው። ሄዱ።

ማታ ጌዲ መጣ። «እትዬ ረምዚያ፣» አለኝ፣ «እርስዎ ስለ ጥርስ ነው የተናገሩት። ሰው ግን የሰማው ስለ ጥርስ አይደለም።»

«ሰው የፈለገውን ይስማ» አልኩት። ግን ገብቶኛል። በዚያ ሰሞን «መሬታችሁ» ብሎ ነገር፣ «ንዴታችሁ» ብሎ ነገር፣ እንኳን በአደባባይ በቤትም አይባልም። ለአንድ ሽማግሌ ብናገረውም የሰደብኩት እሳቸውን ብቻ አልነበረም።

መፋቂያ ተውኩ። ለስላሳ ብሩሽ ገዛሁ። ረመዳንን ሙሉ በቧንቧ ውሃና በብሩሽ አሳለፍኩት፣ አፌ የእኔ አልመስል እያለኝ። ጥርሴ ግን አልተሻለውም። ነሐሴ ላይ ሦስተኛው ጥርስ ጨመረበት፤ ቀዝቃዛ ቀርቶ ነፋስ ሲገባ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። እንደገና ወደ ዶክተር ሚርያም ሄድኩ፤ ልታከም ሳይሆን ልጣላት።

«እንጨቱን ተዪ አልሽኝ፣ ተውኩ። ሽማግሌውን አባረርኩ። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የትኛውን ሽማግሌ?» አለች።

ነገርኳት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ሐሙስ ይምጡ ያልኩዎ ለዚህ ነበር» አለችና ወንበሩን አሳየችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ አሮጌ መፋቂያ ነበር፣ እሱን ተቀበለችኝ። የታኘከውን ጫፍ ጥፍሯ ላይ ደጋግማ ፈተገችው።

«ይሄ እኔ ከማዝዘው ብሩሽ ይለሰልሳል። ማነው የሚመርጥልዎ?»

መፋቂያውን ተቀብያት ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

«በየትኛው እጅዎ ነው የሚፍቁት?»

«በቀኝ።»

«በቀኙ የሚፍቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በግራው ጥርስ ላይ ነው። የእርስዎ ግራ ድድ ጋ ምንም የለም። ያለቀው ቀኙ ነው።» ከዚያ አንድ ስስ ሰማያዊ ወረቀት ጥርሶቼ መሀል አስገባችና «ገጭ ገጭ ያድርጉ» አለችኝ። ወረቀቱን አውጥታ መስታወት ሰጠችኝ። በቀኝ በኩል፣ በእነዚያው ጥርሶች አናት ላይ፣ ደማቅ ሰማያዊ ነጥቦች ወጥተዋል። በግራ ምንም የለም ማለት ይቻላል።

«በግራ ታች አንድ መንጋጋ የለዎትም።»

«ልጅ ሆኜ ቡታጅራ ነው የተነቀለው።»

«ከዚያ ወዲህ በቀኝ ብቻ ነው የሚያኝኩት። በግራ ያሉት ወደ ክፍተቱ ዘመው ተኝተዋል። አሁን አፍዎን ሲገጥሙ ቀድመው የሚነካኩት እነዚህ ናቸው፤ ጭነቱ በሙሉ እነሱ ላይ ነው።» ጣቶቿን ጉንጬ ላይ አሳረፈች። «ይንከሱ።» ነከስኩ። «ይሄ ጡንቻ የከባድ ሥራ ጡንቻ ነው። የጥርስዎም አናት ተልጎ ጠፍጣፋ ሆኗል። ቀን ቀን ጥርስዎን ይነክሳሉ?»

«አልነክስም» አልኩ።

መስታወቱን ወደ ፊቴ አስጠጋችው። «አሁን ራሱ እየነከሱ ነው።»

እውነቷን ነው። መንጋጋዬ ተቆልፎ ነው ያወራሁት።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ጥርስን ከአናቱ አጥብቀው ሲጫኑት በዓይን የማይታይ ትንሽ ይጎብጣል፤ የሚጎብጠው አንገቱ ላይ ነው፣ ድዱ ጋ። ቀን ከሌት ሲደጋገም አንገቱ ይሸረፋል ይባላል። «ሁሉም ሐኪም በዚህ አይስማማም» አለችኝ። «ፍትጊያም አለበት፣ ኮምጣጣ ነገርም አለበት፤ አንዱ ብቻውን አያደርገውም የሚሉ አሉ። በእርስዎ አፍ ውስጥ ግን የማየው ምልክት ሁሉ ንክሻውን ነው የሚያሳየኝ። ሎሚ ያበዛሉ?»

«አልወድም።»

«ምን ያስጨንቅዎታል?»

«ምንም።»

ጻፈችው። ማታ ሲተኙ አፍ ውስጥ የሚደረግ ፕላስቲክ አዲስ አበባ እንደምታሠራልኝ፣ ቀስ በቀስ ንክሻውን እንደምታስተካክል፣ የጎደለውንም እንደምንተካ ነገረችኝ። በመጨረሻ በመርፌዋ አንዱን ጥርስ ነካች። «ይሄኛው አንገቱ በጣም ቀጥኗል። አደራ፣ አጥብቀው እንዳይነክሱበት። ይሰበራል።»

ስወጣ በረንዳዬን አየሁት። ቦታዋ ባዶ ናት። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልተቀመጠባትም፤ ለዝናብ የተጠለለ እንኳ ወደ ጌዲ በኩል ነው የሚሄደው።

በማግስቱ መናገሻ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። አፈርኩ፤ እውነቱ ይሄ ነው። ሽማግሌ ፊት ቆሜ ምን ልበል? ዛሬ ነገ ስል ነሐሴ አለቀ። ሸምሰዲን «ሂጂ፣ ይቅርታ በይ» ሲለኝ «ረጋ ይበል» እለዋለሁ። የሚረጋ ነገር የለም። በዚያ ላይ ደግሞ ሱቅ ያለው ሁሉ ድንገት ከጎረቤቱ ጋር መዋደድ ጀመረ። ያልተጠያየቀው ተጠያየቀ፣ ያኮረፈው ታረቀ። አሁን ብሄድ ሱቋን ልታስጠብቅ መጣች እንደሚሉኝ አወቅኩ። ይቅርታዬ ፍርሃት ሊመስል ነው፤ እኔ ደግሞ አልፈራም ብያለሁ። ኩራቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

መስከረም ገባ። ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻው በዓል ሰው አለቀ። በዚያ ሳምንት ሰበታ ውስጥ ለቅሶው ለቅሶ አልነበረም፤ የሚቃጠል ነገር ነበር። የአዲስ አበባው መንገድ ተዘጋ፣ ሸምሰዲን መርካቶ ቀረ፣ የእኔም ፕላስቲክ እዚያው ቀረ። ስልክ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም።

አንድ ቀን ጠዋት በፋብሪካዎቹ በኩል ጭስ አየሁ። የንግድ ፈቃዱንና የቤቱን ካርታ ሱቅ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፤ እነሱን ላወጣ ሮጥኩ። ወረቀቶቹን በቦርሳ ከትቼ ስወጣ ከታች በኩል ሕዝቡ እየመጣ ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ወደ ውስጥ ተመለስኩ፣ የብረት መዝጊያውን ከውስጥ ሳብኩት፣ ቆለፍኩት።

ጨለማ ነው። በመዝጊያው ሥር ብቻ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ይገባል። ብርድ ልብሱ ከተደረደረበት ኋላ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ያ ብርሃን መሀሉ ላይ ተቆረጠ። አንድ ሰው መዝጊያው ላይ ጀርባውን አስደግፎ ቁጭ አለ። ብረቱ ሲንቋቋ ሰማሁት።

ከዚያ ድምፁ ጀመረ። ክር፣ ክር፣ ክር። ዝም ይልና ደግሞ ይጀምራል። ቁልፉን በመጋዝ እየቆረጡት ነው አልኩ። ቁርአን ልቅራ ብዬ አያተል ኩርሲይን ጀመርኩ፣ መሀሉ ጠፋኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምቀራውን ነገር። እጄን ሳየው የብርድ ልብስ ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። መንጋጋዬን ማላቀቅ አልቻልኩም። ዶክተሯ ያለችኝን አስታውሳለሁ፣ አትንከሺ እላለሁ፣ ግን አፌ አይሰማኝም።

ሕዝቡ ደረሰ። ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ፣ ጩኸት፣ የሚሮጥ እግር። በሬ ፊት ቆሙ። ብዙ ድምፅ አንድ ላይ ስለሆነ አንዱንም መለየት አልቻልኩም። አንድ ሰው መዝጊያውን በእጁ መታው። ያኔ አፌ ውስጥ ቀጭ አለ።

መጀመሪያ አላመመኝም። ምላሴ ላይ ጠንካራ ነገር አገኘሁ፣ በመዳፌ ተፋሁት። ጥርሴ ነው። ልክ ከአንገቱ፣ ያቺ ሐኪም በመርፌ የነካችው ቦታ ላይ፣ ተቆርጦ ወጥቷል። ከዚያ ነው ሕመሙ የመጣው። ብርድ ልብሱን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ድምፄ እንዳይሰማ ብዬ ነው የያዝኩት፣ በር ላይ ያለው ሰው እንዳይሰማኝ።

ጩኸቱ ራቀ። በሬ ላይ ያለው ሰውዬ ግን አልሄደም። ክር ክሩ ቀጠለ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሳያልፍ አልቀረም፣ የጌዲ ድምፅ መጣ።

«እትዬ ረምዚያ፣ አልፈዋል። ይክፈቱ።»

«በሬ ላይ ሰው አለ» አልኩት። አፌ አብጦ እኔም የምለው አልተሰማኝም።

«ኦቦ ነገሳ ናቸው» አለኝ።

መዝጊያውን ወደ ላይ ገፋሁት። እሳቸው ናቸው። በስተግራ ባለችው ቦታቸው ሳይሆን በሩ መሀል ላይ ተቀምጠዋል፣ ቢላቸው በእጃቸው፣ እግራቸው ሥር የወይራ ልጣጭ ተከምሯል። ከመናገሻ በእግራቸው ነው የመጡት፤ በዚያ ቀን መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። ከታች ሁለት ሱቅ መስታወቱ ረግፏል። የእኔ መዝጊያ ላይ የእጅ አሻራ ብቻ ነው ያለው።

ጌዲ በራሱ ሱቅ በር ስንጥቅ ሁሉንም አይቷል። ከሕዝቡ ፊት ያሉት ልጆች «አባ፣ ይነሱ» ብለዋቸው ነበር አለኝ። እሳቸው ከመላጡ ቀና ሳይሉ፣ «ኩን ኢዶ ኮቲ» አሉ። ይሄ ቦታዬ ነው። «ካቃጠላችሁት የት ልቀመጥ?» አንዱ ልጅ መዝጊያውን በእጁ መታው፣ ሌላው ያዘው፣ አለፉ።

አጠገባቸው በጉልበቴ ተንበረከክኩ። ደሙን እየዋጥኩ «ኦቦ ነገሳ፣ ይቅር...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ» አሉኝ። «የሰደብሽኝ ሰው ፊት ነው። ለብቻችን አንታረቅም። ሽማግሌ ይኑር።»

«ካልታረቁኝ ለምን መጡ?»

«ነገርኳቸው እኮ። ቦታዬ ነው።»

ልጣጩን ሰበሰቡ፣ ከረጢታቸውን ተሸክመው በመጡበት እግር ተመለሱ። መፋቂያ አልሰጡኝም።

ዶክተር ሚርያም የቀረውን ሥር ለማውጣትና ሌላ ለመትከል ቀጠሮ ልትይዝልኝ ፈለገች። «ከሽማግሌዎቹ በኋላ» አልኳት። አልገባትም፣ ግን እሺ አለች።

ችግሩ፣ በዚያ ወር አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ሰው መሰብሰብ ተከልክሏል። እርቅም ቢሆን ስብሰባ ነው። ኦቦ ነገሳ ያመጧቸው ሦስት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ፣ እንደ ገበያተኛ ሆነው ሱቄ ገቡ። አንዱ ብርድ ልብስ ይዳስሳሉ፣ አንዱ ጨርቅ ያስለካሉ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው «ዋጋው ስንት ነው?» እያሉ ጮክ ብለው ይጠይቃሉ። ጌዲ መጣ። ያን ቀን ብርድ ልብስ ሲያማርጡ የነበሩትን ሁለት ሴቶች ፈልጌ አምጥቻለሁ። ሸምሰዲን በሩ ጋ ቆሞ ወታደር ሲያልፍ ይስላል። ኦቦ ነገሳ መጨረሻ ገቡ፣ አልተቀመጡም።

ጨርቅ የሚያስለኩት ሽማግሌ፣ «ያልሻቸውን እንዳልሻቸው ድገሚው» አሉኝ።

ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ደገምኩት፣ ቃል ሳላስቀር። መሬታችሁ ያልኩትን፣ ንዴታችሁ ያልኩትን፣ ይነሱልኝ ያልኩትን።

«ጥርስሽን አሳዪን» አሉኝ ሽማግሌው።

አፌን ከፍቼ ክፍተቱን አሳየኋቸው። አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ አዩት። ኦቦ ነገሳም አዩ፣ ከሁሉም ረዘም አድርገው። ከዚያ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ያን ሁሉ ወር ያልጠየቁኝን ጠየቁኝ።

«እንጨቱ ነው?»

የምመልሰው ብዙ ነበረኝ። የቡታጅራው መንጋጋ አለ፣ የዘመሙት ጥርሶች አሉ፣ ሰማያዊው ወረቀት አለ። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ውሸት የለበትም። ሸምሰዲንን አየሁት። አሥር ጊዜ «እንውጣ» ብሎኝ አሥር ጊዜ የሳቅኩበት ሰው፣ ማሳሉን ትቶ ያየኛል።

«አይደለም» አልኩ። «እንጨቱማ ለስላሳ ነበር። ፈርቼ ነው፣ ኦቦ ነገሳ። ካምና ኅዳር ጀምሮ እፈራለሁ። በር ላይ ስቆም እፈራ ነበር፣ እርስዎን ሳባርርዎ እፈራ ነበር፣ ያን ቀንም ጀርባዎን አስደግፈው ሲቀመጡ ሌባ ነው ብዬ ነው ጥርሴን የሰበርኩት። ማንንም እንደማልፈራ ለከተማው ሁሉ ስለፍፍ ኖርኩ፤ ፍርሃቱን በጥርሴ ነበር የምይዘው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌዎቹ ኦቦ ነገሳን ተመለከቱ። እሳቸው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

«አኒስ ነን ሶዳዳ» አሉ ቀስ ብለው። እኔም እፈራለሁ ማለታቸው ነው። «ችካሉ ከተተከለ ጀምሮ። አንቺም መንገዱን እያየሽ ጥርስሽን ስትነክሺ አይሽ ነበር፤ ለዚህ ነው ከበፊቱም ይበልጥ ለጋውን የምመርጥልሽ የነበረው።»

ሽማግሌው ጨርቁን አጥፈው መለሱልኝና «በቃ» አሉ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልመረቀም፤ አንድ በአንድ እንደ ገቡ አንድ በአንድ ወጡ። ኦቦ ነገሳ ከረጢታቸውን ከመሬት አነሱ። ከዚያ ወጥተው ከበሩ በስተግራ ተቀመጡ።